ውሃው አይጠጣም ያልኩት እኔ አይደለሁም

ለከተማው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ከአመልካች፦ የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ የቀድሞ ዜና አንባቢ
ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ እኔ ከሥራ ከተሰናበትኩ በኋላም በየማለዳው ሥራ የሚገባው ድምፄ እንዲታረም፣ ይህ የማይቻል ከሆነ እንዲያርፍ፣ እንዲሁም በማመልከቻው መጨረሻ ስለጠቀስኩት አንድ ቀን ውሳኔ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን አቤቱታ በጽሑፍ የማቀርበው በቃል ማቅረብ ስላቃተኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለጸሐፊዎ ጉዳዬን ማስረዳት ስጀምር፣ ገና «እንደምን አደሩ» ከማለቴ ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ይቅርታ ጠይቀውኛል፤ ቅሬታ የለኝም። በር ላይ ያሉት ጥበቃም «ውሃው እንዴት ነው? አሁንም አልቀመሰም?» ብለው በአክብሮት ሸኝተውኛል። ስለዚህ ድምፄን ይዤ ከምመላለስ ወረቀት ብልክ ይሻላል ብዬ እንደሚከተለው አመለክታለሁ።

1. እኔ አመልካቹ ብዙ ሰው በድምፄ እንጂ በፊቴ የማያውቀኝ ሰው ነኝ። ፀጉሬ ሙሉ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ መላጣዬን የሚሸፍን ኮፍያ እስከገዛሁበት ጊዜ ድረስ በጣቢያው የጠዋቱንና የቀትሩን ዜና አንብቤያለሁ። ገበያ ሄጄ ሽንኩርት ሳማርጥ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም፤ «ይህ ስንት ነው?» ስል ግን ሻጭዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ቀጥዬ የነዳጅ ጭማሪ የምነግራት ይመስላታል። ዝናዬ ይኸው ነው፤ ሽንኩርቱንም አስቀንሶልኝ አያውቅም።

በከተማው «ጋሽ ጠብቆ» እባላለሁ። ይህ ቅጽል ስም የወጣልኝ በንፉግነቴ ነው የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ጽሑፋችን የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅና የትኛው እንደሚላላ አያሳይም፤ ያንን የሚያውቀው አንባቢው ነው። «እንግዶቹ ከምረቃው በኋላ በአዳራሹ ይበላሉ» የሚል ዜና ቢመጣ፣ ላላ ተደርጎ ሲነበብ እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው በሰላም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በን ጠበቅ ያደረጓት እንደሆነ ግን ምሳው እንግዶቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዜናው እጄ ሲገባ አስቀድሜ በእርሳስ በምትጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አደርግ ነበር። ልማዱ ቤቴ ድረስ ተከትሎኛል። ባለቤቴ «ካንተ ጋር እኮ ወጉ ደርሶን መጣላት እንኳ አልቻልንም፤ ስሰድብህ ታርመኛለህ!» ስትል ለሽማግሌ ከስሳኛለች። ሽማግሌዎቹም ፈርደውላታል።

2. የከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ከተዘጋች ወዲህ ከተማው ስለ ራሱ የሚሰማበት ቦታ ጣቢያችን ብቻ ነበር። ብዙ አልነበርንም። አንድ ዘጋቢ፣ አንዲት ጸሐፊ፣ አንድ ቴክኒሽያንና እኔ፣ መስኮቷ በማይከፈት አንዲት ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተን እንሠራ ነበር። ዘጋቢያችን በብስክሌት ፍርድ ቤት ይውላል፣ ከዚያ ውሃ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ገበያ። የሞተ ሰው ሲኖር ስሙና የቀብሩ ሰዓት እንዳይሳሳት ልቅሶ ቤት ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፤ ሄዶም አልቅሶ ይመለሳል። በዚህ የተነሣ ዜናው አንዳንዴ ይዘገይ ነበር፤ አልክድም።

ከዚያ ዘመናዊው አሠራር መጣ። አሁን ከየመሥሪያ ቤቱ የሚላከው ደብዳቤ በአንድ በኩል ይገባል፤ አንዱ ማሽን ዜና አድርጎ ይጽፈዋል፣ ሌላው ያነበዋል። የሚያዳምጥ ሦስተኛ ማሽንም ሳይገዛ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። ጸሐፊዋ በጡረታ ተገለሉ። ዘጋቢው በዚያው ብስክሌት የሰው ዕቃ ማድረስ ጀምሯል፤ «ዕቃ ቢያንስ ፈርሞ የሚቀበለው ሰው አለው» ይላል። ቴክኒሽያኑ ብቻ ቀርቷል፤ ማሽኑ ሲሞቀው ማራገቢያ ያበራለታል። ያ ማራገቢያ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ በርቶልኝ አያውቅም።

3. ድምፄ እንዴት ተወሰደ ለሚለው፣ ማንም አልሰረቀኝም። እኔው በእጄ አስረክቤያለሁ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠርተው «የርስዎ ድምፅ ቅርስ ነው፤ ለትውልድ መቀመጥ አለበት» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሆን ሳይገምቱት አይቀሩም። በማግስቱ አዲስ ክራቫት ገዝቼ መጣሁ፤ ለድምፅ ቀረጻ። በየጠዋቱ ዝንጅብል አፍልቼ እየጠጣሁ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ «ዝናቡ ዘነበ»፣ «መንገዱ ተዘጋ»፣ «ኃላፊው ገለጹ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስደረድር ሰነበትኩ። ጉሮሮዬ እስኪሻክር የገዛ ምትኬን ኮትኩቼ አሳደግሁ ማለት ነው። የማስረከቢያውን ውል ሲሰጡኝም ሳላነብ ፈረምኩ። ዕድሜ ልኩን በማንበብ ደመወዝ የበላ ሰው ያላነበበው ወረቀት ቢኖር ያ ብቻ ነው። ከወር በኋላ ውሉን ሲያነቡልኝ ድምፄ ሥራው ላይ እንደሚቀር፣ እኔ ግን እንደምሰናበት ገባኝ፤ ያነበበልኝም የገዛ ድምፄ ነበር፤ ለሙከራ ያህል አሰሙኝ።

4. እዚህ ላይ አንድ የግል ጉዳይ መጥቀስ ግድ ይለኛል። ከሥራ መሰናበቴን ለእናቴ አልነገርኳትም።

እናቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር፣ በላይኛው ሰፈር ነው። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን የኔን ያስንቃል። በየጠዋቱ ሬዲዮዋን ከፍታ «ዝም በሉ፣ ልጄ ሊናገር ነው» ትላለች፤ ይህን የምትለው ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር ነው። እንዴት አድርጌ ልንገራት? አፈርኩ። ደግሞም ድምፄ ሥራ ላይ ስለነበር ነገሩ ያን ያህል ውሸት አልመሰለኝም። ስለዚህ እንደ ድሮዬ ማልጄ ተነሥቼ፣ ክራቫቴን አስሬ እወጣለሁ፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ወዳጄ ነውና እሱ ዘንድ ቁጭ እላለሁ። ዜናው ሲጀምር ወዳጄ ለኔ ክብር ሲል ሬዲዮውን ይዘጋል። ድምፄ ሥራውን ሲጨርስ እኔ ከሥራ ደክሜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

መከራው ግን ማሽኑ ሲሳሳት ነው። አንድ ቀን «ዋና ሥራ አስኪያጁ» የሚለውን አላልቶ እኚያን የተከበሩ ሰው የመዋኛ ገንዳ አሠልጣኝ አደረጋቸው። በሌላ ቀን የእግር ኳስ ቡድናችን አምበል «ቅጣት ምት ይመታል» የሚለውን አጥብቆ ሰውየውን አስደበደበው። የወዳጄ የልብስ ሰፊው ማስታወቂያ ሲነበብም «ሰፊ» የሚለውን አጠበቀበት፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጡለት ደንበኞች ሁሉ ወፋፍራም ናቸው። ከተማው የጠዋቱን ዜና ለመሳቅ መክፈት ጀመረ። ጋሽ ጠብቆነቴ ቀርቶ «ጋሽ ላልቶ» ተባልኩ። «ጃጅቷል» ያሉም አሉ። እናቴ ግን አዘነችልኝ። «ልጄ፣ እንቅልፍ አጥተሃል እንዴ? ዛሬ እኮ ሰውየውን ገንዳ ውስጥ ከተትከው!» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኑ በተሳሳተ ቁጥር እኔ ሞቅ ባለ የጨው ውሃ እጉመጠመጣለሁ። እናቴ ፊቴ ቆማ ታስጉመጠምጠኛለች። እንዲህ ያለ ጤነኛ ጉሮሮ ይዞ እንዲህ የታከመ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ችዬው እኖር ነበር፤ አቤቱታም አላቀርብም ነበር።

5. ባለፈው ወር በላይኛው ሰፈር የቧንቧው መስመር ተሰብሮ ቆሻሻ ገባበት። ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ፈጥኖ ለጣቢያው ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤውን በኋላ አይቼዋለሁ፤ አንድ ፊደል አልተሳሳተም፦ «የላይኛው ሰፈር የቧንቧ ውሃ ለጊዜው አይጠጣም» ይላል። በድሮው አሠራር ቢሆን ዘጋቢው ቦታው ድረስ ሄዶ ቧንቧውን አይቶ፣ ነገሩን ዘርዝሮ ይጽፈው ነበር። እኔም ጠን አጥብቄ፣ ደግሜ ባነበብኩት ነበር። ማሽኑ አላላት። ላልታ ስትነበብ ደግሞ፣ ክቡርነትዎ እንደሚረዱት፣ ውሃው መጠጥ የማይቀምስ ጨዋ ውሃ ነው ማለት ነው።

ነገሩ የገባቸው ጥቂቶች ናቸው። የቀረው ሰው ለመሳቅ የከፈተው ሬዲዮ ነውና ሳቀ። «ውሃችን መጠጥ አቁሟል!» እየተባባለ ሳቀ፤ ስቆ ስቆ ጉሮሮው ሲደርቅ ከዚያው ቧንቧ ቀድቶ ጠጣ።

እኔ ከልብስ ሰፊው ዘንድ ወጥቼ የመንገዱን ሳቅ ስሰማ ነው ነገሩን የጠየቅሁት። አንዱ ዜናውን በራሴ ድምፅ እያስመሰለ ነገረኝ። ወዲያው ወደ ጣቢያው ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው እኔው ነኝ። «ጥሪዎ ለእኛ ከፍተኛ ዋጋ አለው፤ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» አልኩኝ። ሰው እንዲቀርብልኝ ለመንኩት፤ በዚያ በተረጋጋ ድምፄ መልሶ ትዕግሥት መከረኝ። በሕይወቴ ራሴን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም። መንገዱን ተሻግሬ የጣቢያውን በር ደበደብኩ፤ ተቆልፏል፤ ቴክኒሽያኑ ለማሽኑ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል።

ከዚያ ወደ ላይኛው ሰፈር ሮጥኩ። በዕድሜዬ ሮጬ የማላውቀውን ሮጥኩ፤ እየሮጥኩም «ውሃውን እንዳትጠጡ! ተበክሏል! ውሃውን እንዳትጠጡ!» እያልኩ ጮህኩ። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ያቆሰለኝ ይህ ነው። ሰዉ ከየበሩ ብቅ እያለ አጨበጨበልኝ። «ጋሽ ላልቶ፣ ድገማት!» አሉኝ። አንዲት ሴትዮ የያዘችውን ብርጭቆ ወደኔ ከፍ አድርጋ፣ እየሳቀች፣ ዓይኔ እያየ ጠጣችው። ዕድሜዬን ሙሉ ከተማው የሚያምነው ነገር ቢኖረኝ ድምፄ ብቻ ነበር። እውነት ይዤ ስጮህበት ቀልድ ሆኖ ወጣ።

ቤት ስደርስ እናቴም ጠጥታ ነበር። «ዛሬስ ገደልከኝ፤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ» አለችኝ።

6. በማግስቱ የሰፈራችን ሰው ግማሹ ሆስፒታል ተኛ። ፈጣሪ ይመስገን የሞተ የለም። እናቴ ግን ከሁሉም ይበልጥ ተጎዳች፤ ሁለመናዋ ሟሽሾ አልጋው ላይ የተዘረጋ ነጠላ መስላ ነበር፤ ሐኪሙም አንገቱን እየነቀነቀ ነበር የሚያያት። እኔ የማስታወኪያ ሳህን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ፣ በክፍሉ መስኮት ላይ ያለው ሬዲዮ የቀትሩን ዜና ጀመረ። «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ፣ ከመስኮቱ በኩል።

እናቴ ወደ ሬዲዮው ዞረች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። እጇን ዘርግታ የኮቴን እጅጌ ዳበሰች።

«አንተ እዚህ ነህ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ያ ማነው?»

ሁሉንም ነገርኳት። ክፍሉ ውስጥ የተኙት ጎረቤቶቻችን ሆዳቸውን ይዘው ያዳምጣሉ፤ እኔም ዜና እንደማነብ ሁሉ ምንም ሳላስቀር ዘርዝሬ ጨረስኩ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ያን ሁሉ ቀን ለብረት ጉንፋን ነው ጨው ሳሟሟ የከረምኩት?» አለች። ሕመምተኛው ሁሉ ሳቀ፤ በሳቁ ምክንያት ነርሷ ሁለት ሳህን ተጨማሪ ማምጣት ነበረባት።

7. ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሀ. ውሃውን አስመልክቶ የተላለፈውን ያነበብኩት እኔ አለመሆኔ በጣቢያው እንዲገለጽልኝ። መግለጫውን በኔ ድምፅ እንዳያስነብቡት አደራ እላለሁ፤ ማንም አያምነውም።

ለ. ማንኛውም ዜና ከመነበቡ በፊት አንድ ሰው በእርሳስ እንዲያየው። ያ ሰው የግድ እኔ መሆን የለብኝም። ዘጋቢው ቢመለስ ከኔ ይሻላል፤ እሱ የተሰበረ ቧንቧ ሲነገረው ሄዶ የሚያይ ሰው ነው። ብስክሌቱም አሁንም ይሠራል።

ሐ. የጣቢያውን ስልክ ሰው እንዲያነሣው። ቁጡም ቢሆን ግድ የለኝም።

እነዚህ ከበጀት አንጻር የማይቻሉ ናቸው ቢባል፣ ልምዱ ስላለኝ እገነዘባለሁ፤ «ከበጀት አንጻር» የሚለውን ሐረግ በአየር ላይ ከኔ ይበልጥ ያነበበ የለም። የሚቀጥለውን ግን እንዲከለክሉኝ አልፈልግም።

እናቴ አሁን ተሽሏት ቤት ገብታለች። ከሆስፒታል በወጣንበት ቀን፣ ደጋግፌ መኪና ውስጥ ሳስገባት እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ የኔም ቀን መድረሱ አይቀርም። በሬዲዮ ያስነግሩልኛል። 'ነገ በስምንት ሰዓት ይሸኛሉ' ብለው ይጽፋሉ፤ ያ ብረትህ ደግሞ ሸን ያላላታል። እኔ ሬሳ ሆኜ ማንን ልሸኝ ነው?» አብረን ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ እጄን አልለቀቀችም። «አንተ አንብበኝ» አለችኝ። «እሱ አያውቀኝም።»

ክቡር ሆይ፣ በአሁኑ ደንብ የሞት ዜና ሁሉ የሚነበበው በማሽኑ ነው። እናቴ ያረፈች ዕለት እኔ ከለቀስተኛ ጋር ወለል ላይ ተቀምጬ ስንሰቀሰቅ፣ ያው የኔው ድምፅ ከጓዳ በኩል፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚናገር ሁሉ ተረጋግቶ፣ እናቴ መሞቷን ለከተማው ይነግራል ማለት ነው። ቃሉን አስተካክሎ ቢያነበው እንኳ አልችለውም። እንዲያውም አስተካክሎ ያነበበው እንደሆነ ይብስብኛል። ዕድሜዋን ሙሉ «ዝም በሉ፣ ልጄ ሊናገር ነው» ያለች ሴት ስትሞት ልጇ ዝም ብሎ ድምፁ ብቻ ሊናገርላት አይገባም።

ስለዚህ ያ ቀን ሲደርስ፣ ይዘግይልኝና ሲደርስ፣ ማሽኑ ጠፍቶ የስቱዲዮው በር እንዲከፈትልኝና ያችን አንዲት ዜና ራሴ እንዳነባት እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ። ጥሩ አድርጌ እንደማላነባት ከወዲሁ አሳውቃለሁ። ለልምምድ ለሚመጡ አዳዲስ አንባቢዎች ሁሉ «ማይክሮፎን ፊት አይለቀስም» እያልኩ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን የራሴን ትምህርት አልጠብቅም። ሸን አጥብቄ ለማንበብ እሞክራለሁ። መሀል ላይ ድምፄ ከከዳኝ፣ እባክዎ ማይክሮፎኑን አይዝጉብኝ፣ ሙዚቃም አያስገቡብኝ። እስክጨርስ ድረስ ከተማው ይጠብቀኝ።

ድምፄን ሳላሰማ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ የቀድሞ ዜና አንባቢ